የምሕንድስና ትምህርትና የምሩቃን እንጀራ

ለሕዝብ የተደረገ ንግግር



ከእናንተ መካከል ልጁን በምሕንድስና ያስመረቀ፣ የምረቃውንም ፎቶግራፍ አሠርቶ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሰቀለ፣ ነገር ግን ያ በፎቶግራፉ ላይ ጋዋን ለብሶ የሚታየው ልጅ ጊዜያዊ ዲግሪውን በፖስታ ይዞ የሥራ ማስታወቂያ ሲያነብ ውሎ ማታ ባዶ እጁን ሲመለስ እያየ አንጀቱ የሚቆስል ወላጅ ብዙ እንዳለ ዐውቃለሁ። ስለዚህ የዛሬውን ንግግሬን የምሕንድስናን ክብር በማወደስ አልጀምርም። ወላጆች በየቤታቸው የሚጠይቁትን ጥያቄ፣ ይኸውም አገሪቱ የመንገድ፣ የውሃ፣ የመብራትና የመጠለያ ችግር ተብትቧት ሳለ፣ እነዚህኑ ለመሥራት አምስት ዓመት ሙሉ የተማረው ልጅ ስለ ምን እንጀራ አጣ የሚለውን አንሥቼ፣ የመሰለኝን መልስ በግልጥ ለመናገር እሞክራለሁ።

መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ማስረጃውን ኋላ ላቅርብ። የምሩቃኑ ሥራ ማጣትና በብዙ ገንዘብ፣ በብዙ ድካም የሠራናቸው ነገሮች ያለ ዕድሜያቸው መበላሸት ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ምንጩም ልጆቻችንን አዲስ ነገር ማነጽን ብቻ አስተምረን፣ የታነጸውን መጠበቅንና መጠገንን ከትምህርቱም፣ ከበጀቱም፣ ከክብሩም ውጭ አድርገን መተዋችን ነው። አንድ ድልድይ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ተሠርቶ ያልቃል፤ የሚያገለግለው ግን ሃምሳ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ነው። የመሐንዲሱን እንጀራ በግንባታው ሦስት ዓመታት ላይ ብቻ የመሠረተ አገር፣ ግንባታው በበረደ ጊዜ መሐንዲሶቹ ሥራ ፈት መሆናቸው የማይቀር ነው።

ነገሩ ከጥንቱ እንዲህ አልነበረም። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ከአገራችን በወጣ ጊዜ፣ ለጦሩ ማመላለሻ ብሎ በአምስት ዓመት ውስጥ የዘረጋቸው አውራ ጎዳናዎች ተረክቦ የሚጠብቃቸው አጥተው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ጠርዛቸውን እየበላው፣ የውሃ መውረጃዎቻቸው በደለል እየተደፈኑ፣ ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ጭቃነት ይመለሱ ጀመር። መንግሥት በ1943 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር በተበደረ ጊዜም የገንዘቡ ዋና ዓላማ የተበላሹትን ጎዳናዎች ማደስና በመልካም ይዞታ ማቆየት ነበር፤ በዚያው ዓመት የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም እጁን ያፍታታው በዚሁ ሥራ ነው። ልብ በሉልኝ፤ ከዘመናዊ ምሕንድስናችን ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች አንዱ የተወለደው በጥገና ምክንያት ነው።

ትምህርት ቤቶቹም በዚያ ዘመን ከሥራው አጠገብ ተተክለው ነበር። ተግባረ እድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1940ዎቹ አጋማሽ የምሕንድስና ኮሌጅ በአምስት ኪሎ ተቋቋመ፤ በ1947 ዓ.ም. ደግሞ በልደታ አካባቢ የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሲመሠረት፣ ከማስተማሩ ጋር የሕንፃ ምርምርና የግንባታ ዕቃ ፍተሻ አብረው ስለ ተሰጡት፣ ትምህርቱና ምርመራው በአንድ አጥር ውስጥ የሚኖሩ ሆኑ። በሌላው በኩል አየር መንገዱ ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ ይበር ነበር፤ የመብራት ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ኃይል መስጠት ጀመረ። ስለዚህ ከኮሌጅ የወጣው ወጣት የሚጠብቀው ሥራ ነበረው፤ በሥራውም ላይ እጁን ይዞ የሚያሳየው ታላቅ ነበረው። ከ1957 ዓ.ም. ወዲህም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወጥቶ ሕዝቡን እንዲያገለግል ሥርዓት ስለ ተሠራ፣ አዲስ አበባን ብቻ የሚያውቅ ምሩቅ እንዳይኖር ታስቦ ነበር።

ያን ዘመን ከልክ በላይ ማመስገን አልሻም። የተማሪው ቁጥር እጅግ ጥቂት ነበር፤ ሴቶች ልጆች በክፍሉ ውስጥ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የገበሬው ልጅ ከደጁ አይደርስም ነበር፤ በየፕሮጀክቱም ላይ የመጨረሻውን ፊርማ የሚፈርመው ብዙ ጊዜ የውጭ አገር ሰው ነበር። እኔ ከዚያ ዘመን የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ትምህርቱ፣ ሥራውና የታላቁ ቁጥጥር ሳይነጣጠሉ መኖራቸው ነው።

ይህ ሥርዓት ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ድጓ የሚማር ደቀ መዝሙር ዜማውን በቃሉ ያዘ፣ ምልክቱንም ለየ ተብሎ ወዲያው መምህር አይባልም። በየኔታው እግር ሥር ዓመታት ተቀምጦ፣ ታናናሾቹን እያስቀጸለ፣ ስሕተቱን እየታረመ ከኖረ በኋላ፣ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ በሊቃውንቱ ፊት ያስመሰክራል፤ የዝማሬ መዋሥዕት ተማሪም እንዲሁ ለማስመስከር ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። የሚመሰከርለትም ስላጠናው ብቻ ሳይሆን ስለሚያስተምረውና ስለሚያገለግለው ጭምር ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ይህንኑ በሌላ ልብስ ያገኙታል፤ በዚያ አገር ከምሕንድስና ትምህርት ቤት የወጣ ሰው የመጀመሪያውን ፈተና ካለፈ በኋላ፣ ፈቃድ ባላቸው መሐንዲሶች ሥር በአብዛኛው አራት ዓመት ሠርቶና ሁለተኛውን ፈተና አልፎ እንጂ በንድፍ ላይ ማኅተሙን እንዲያሳርፍ አይፈቀድለትም። እኛ ግን የተመረቀውን ልጅ በበነጋው መሐንዲስ ብለን ጠርተን፣ በሳምንቱ ደግሞ የሥራ ልምድ የለህም ብለን እንመልሰዋለን።

መጽሐፍ ሊሰጠው የማይችለው ነገር ምን እንደ ሆነ ቀረብ ብለን እንይ። ኮንክሪት በሚፈስስበት ቀን የስላምፕ ሙከራ የሚባል ትንሽ ምርመራ ይደረጋል። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ያለ የብረት ቅርጽ በጠፍጣፋ ብረት ላይ ይቆማል፤ ኮንክሪቱ በሦስት ደረጃ ይሞላበታል፤ እያንዳንዱ ደረጃ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል፤ ከዚያ ቅርጹ ቀጥ ተደርጎ በዝግታ ይነሣና ክምሩ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ በሚሊ ሜትር ይለካል። ይህን የማያውቅ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ የለም፤ ለፈተናም ይጽፈዋል። ነገር ግን በሥራው ቦታ መኪኖቹ ተሰልፈው ቆመው፣ ፀሐዩ በርትቶ፣ ኮንክሪቱ መድረቅ ሲጀምር፣ ተቆጣጣሪው ዞር ሲል ከበርሜል ውሃ የሚጨምር ሠራተኛ እንዳለ በመጽሐፉ ላይ አልተጻፈም። ዕድሜ የጠገበው ፎርማን የክምሩን ፊት አይቶ፣ ላዩ ላይ የሚያብለጨልጨውን ውሃ አይቶ፣ ሙከራውን የምታደርገውን ወጣት መሐንዲስ «ልጄ፣ ናሙናውን ከመጀመሪያው ፍሳሽ ነው የወሰድሽው፤ ከመሐሉ ውሰጂ» ይላታል። ልጅቱ ዳግመኛ ትለካለች፤ ልዩነቱን ታያለች፤ ከዚያው ኮንክሪት የተሞሉት 15 ሴንቲ ሜትር ኩቦች በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በማሽን ተጨፍልቀው ውጤታቸው ሲመጣ ደግሞ፣ በዚያን ቀን የተጨመረው አንድ ባልዲ ውሃ ከምሰሶው ጥንካሬ ምን ያህሉን እንደ ሰረቀ በቁጥር ታነባለች። ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጎን አንድ የግንባታ ወቅት የቆመች ልጅ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያታልላትም።

በኋላ ዘመን የሆነውን ደግሞ እንመልከት። በ1979 ዓ.ም. የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም መከፈቱ፣ በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳሩ ፖሊ ቴክኒክ ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ መሆኑ መልካም እርምጃ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ደረሰ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት መቶ ተማሪዎች ሰባው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ ከነዚያም ውስጥ አርባ ያህሉ በምሕንድስናና በቴክኖሎጂ እንዲማሩ ተወሰነ። ይህ ውሳኔ ለብዙ የገበሬና የወዝ አደር ልጆች ከዚያ በፊት ተዘግቶ የኖረውን ደጅ ከፍቶላቸዋል፤ ይህን መልካም ነገር የሚክድ ሰው እውነትን አልያዘም። ይሁን እንጂ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ሲሞላ፣ መምህሩ ብዙ ጊዜ ባለፈው ዓመት የተመረቀ ወጣት ሆነ፤ ቤተ ሙከራው ወይ አልተሠራም፣ ወይ ተሠርቶ ዕቃው ከሣጥኑ አልወጣም፤ በአራተኛው ዓመት ለተግባር ልምምድ ወደ ኩባንያ የተላከው ተማሪም፣ የሚያሠራው ሰው ስለማያገኝ፣ በብዙ ቦታ የመገኛ ወረቀቱን አስፈርሞ የሚመለስ ሆነ። ከላይ የተናገርሁት ፎርማን አንድ ብቻ ነው፤ ተማሪው ግን መቶ ሆነ።

ይህ ጉድለት ለጊዜው አልታየም፤ ምክንያቱም አገሪቱ በዚያው ዘመን ትገነባ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ከ26 ሺህ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጥ የነበረው የመንገዳችን ርዝመት ከ140 ሺህ በላይ ሆነ፤ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች በየሰፈሩ ቆሙ፤ ግልገል ጊቤ፣ ተከዜና በለስ ተከታትለው ተመረቁ፤ የከተማው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም.፣ የጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቁ። ምሩቁ ሁሉ በዚህ ማዕበል ላይ ተሳፈረ። በኋላ ግን የውጭ ምንዛሪ ሲያጥር፣ ሲሚንቶ ሲጠፋና ዋጋው ሲንር፣ ጦርነትም ሲመጣ፣ ሥራው ቆመ፤ ሥራ ተቋራጩ ሠራተኛ ቀነሰ፤ ቀድሞ የቀነሰውም አዲሱን ምሩቅ ነው። ድንጋይ ጠርቦ ኮብልስቶን የሚያነጥፍ ባለ ዲግሪ ወሬም በየቤቱ ተሰማ። ድንጋይ መጥረብ ክቡር ሥራ ነው፤ ላቡን አፍስሶ የሚበላ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል፤ የሚያሳዝነው ግን ያ ወጣት ከሚያነጥፈው መንገድ ጥግ ያለው የውሃ መውረጃ ተደፍኖ እያየ፣ እርሱን የሚያስተካክል እውቀት በራሱ ላይ እያለ፣ ለዚያ የሚቀጥረው አለመኖሩ ነው።

ስለ ፈተናዎቹ ብዙ አልናገርም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፉት ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ መሆናቸውንና፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ምሩቃን ሁሉ የመውጫ ፈተና የሚፈተኑ መሆናቸውን ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ፈተናው የተማሪውን የመጽሐፍ እውቀት ይመዝናል፤ የፎርማኑን ቦታ ግን አይተካም። እኔ በበኩሌ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ተማሪ በቀነሰበት በዚህ ጊዜ ትምህርቱን ከሥራው ጋር መልሶ ለማጋባት ዕድል ተገኝቷል እላለሁ፤ ትንሽ ክፍል ለመምህርም ለቤተ ሙከራም ይመቻልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልመለስ። አባቶቻችን የሠሩትን መጠበቅ ያውቁ ነበር። የላሊበላን አሥራ አንድ ቤተ መቅደሶች ያየ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በተፈለፈለው መስቀልና በመስኮቱ ቅርጽ ላይ ነው፤ መሐንዲስ የሆነ ሰው ግን ጎንበስ ብሎ ወለሉን ይመለከታል። እነዚያ ጠቢባን አለቱን ወደ ታች ሲፈለፍሉ፣ የክረምቱ ዝናብ ሁሉ ወደ ጉድጓዱ እንደሚወርድ አስቀድመው ስለ ተገነዘቡ፣ ውሃው በቦይ ተሰብስቦ ወደ ውጭ የሚሄድበትን መንገድ ከሕንፃው ጋር አብረው ቀርጸውለታል። ቦዮቹ በተጠረጉበት ዘመን ሕንፃው ደኅና ሆነ፤ በደለል በተደፈኑበት ዘመን ግን እርጥበቱ ግድግዳውን ይጎዳው ጀመር። ስምንት መቶ ዓመት የቆየው ሥራ በፈልፋዩ መሮ ብቻ የቆየ አይደለም፤ በየዓመቱ ከክረምት በፊት ቦዩን በጠረጉት ስማቸው ባልተጻፈ አገልጋዮች ጭምር ነው።

በእኛ ዘመን ደግሞ የተገላቢጦሹን አየን። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ ኃይሉ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ቢሆንም ለዋና ከተማዋ ብርሃን የሰጠ ቀደምት ሥራ ነበር፤ ለአሥርተ ዓመታት ሥራ አቁሞ ኖሮ፣ በመጨረሻ በቻይና እርዳታ እንደገና ታድሶ ተነሣ። የቆቃም ሐይቅ ከላይኛው አዋሽ በሚመጣው አፈር እየተሞላ መሆኑን ባለሙያዎች ከተናገሩት ቆይቷል፤ ያን ደለል መለካት፣ ምንጩን በተራራው ላይ መያዝ፣ የግድቡን በሮች መፈተሽ፣ ተርባይኖቹን በጊዜያቸው መክፈትና ማጠብ፣ ይህ ሁሉ መሐንዲስ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 13 ተርባይኖች አሉት፤ ሙሉ ኃይሉ ከ5 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ ነው። ሕዝባችን ከደመወዙ እየቀነሰ፣ ቦንድ እየገዛ ያሠራው ይህ ግድብ፣ ለመገንባት የፈጀው አሥራ አራት ዓመት ነው፤ የሚጠበቀው ግን በልጅ ልጆቻችን ዘመን ሁሉ ነው። በውስጡ ያለውን ንዝረት የሚያነብ፣ በኮንክሪቱ ውስጥ የሚሾልከውን ውሃ የሚለካ፣ የዘይቱን ሙቀት የሚከታተል ወጣት ዛሬ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀምጦ መሆን አለበት።

ጥገና ክብርና እንጀራ እንደሚሰጥ ማስረጃ የሚፈልግ ካለ ደግሞ ወደ ቦሌ ይመልከት። የአየር መንገዳችን የጥገና ማዕከል የራሱን አውሮፕላኖች ጠብቆ ከማቆየቱም በላይ የሌሎች አፍሪካ አገሮች አየር መንገዶች አውሮፕላኖቻቸውን ወደ እርሱ ያመጣሉ። በዚያ ቤት የሚደነቀው ሥርዓቱ ነው፤ አውሮፕላን እስኪሰበር አይጠበቅም፤ የበረረበት ሰዓት ተቆጥሮ፣ ቀኑ ሲደርስ፣ ጤነኛ መስሎ የሚታየው ክፍል ሳይቀር ተፈትቶ ይመረመራል፤ የመረመረው ሰው በመዝገብ ላይ ስሙን ይጽፋል፤ ፊርማውም ከነፍስ ኃላፊነት ጋር የታሰረ ነው። ይህን ሥርዓት ለሰማይ ካወቅንበት፣ ለምድር የማናውቅበት ምክንያት የለም።

በአንድ ቆላማ ወረዳ ያየሁትን ልንገራችሁ። ለሦስት ቀበሌ ሕዝብ የሚያገለግል አንድ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነበረ፤ ጥልቀቱ 120 ሜትር፣ ሰብመርሲብል ፓምፑ የተንጠለጠለው በ70 ሜትር ላይ፣ ኃይል የሚያገኘውም ከጄኔሬተር ነው። የዚህ ፓምፕ ሞተር በየዓመቱ በመጋቢትና በሚያዝያ መካከል፣ ልክ ውሃ ነፍስ በሆነበት ጊዜ፣ ይቃጠላል። ሕዝቡ ገንዘብ ያዋጣል፤ ከከተማ ባለሙያ መጥቶ አዲስ ሞተር ያስገባል፤ በዓመቱ ያም ይቃጠላል። ቦኖዎቹ ደርቀው ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ወደ ወንዝ ይመለሳሉ። ከአርባ ምንጭ ተመርቃ፣ ከአንድ አሮጌ የጉድጓድ ቁፋሮ ባለሙያ ጋር እየዞረች የሠራች አንዲት ወጣት መሐንዲስ ወደዚያ ወረዳ ተመድባ በሄደች ጊዜ፣ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ የሆኑት አዛውንት «ልጄ፣ ይህ ጉድጓድ ሞተር ይበላል» አሏት። እርስዋም ሞተሩን ሳትነካ፣ የጥልቀት መለኪያ ገመድ ተውሳ፣ ፓምፑ ከመነሣቱ በፊትና እየሠራ ሳለ ውሃው የሚቆምበትን ደረጃ እየለካች በደብተር ትጽፍ ጀመር። ከጥር እስከ ሚያዝያ ስትጽፍ ከቆየች በኋላ ነገሩ ተገለጠላት፤ በበጋው መጨረሻ ፓምፑ ሲስብ ውሃው እስከ 70 ሜትሩ ድረስ ይወርድ ኖሯል፤ ሞተሩም የሚያቀዘቅዘው ውሃ አጥቶ ባዶውን ሲዞር ነበር የሚነደው። ባለ 6 ሜትር ቧንቧ 4 አስጨምራ ፓምፑን ወደ 94 ሜትር አወረደችው፤ የመውጫውን ቫልቭ ጥቂት አጥብባ የሚሳበውን ውሃ ጉድጓዱ ከሚሰጠው ጋር አስማማችው፤ ውሃው ሲጎድል ሞተሩን በራሱ የሚያጠፋ ኤሌክትሮድም አስገጠመች። በተከታዩ ሚያዝያ ቦኖዎቹ አልደረቁም።

ይህን ስናገር «ጥገና የቴክኒሻን ሥራ ነው፤ ለዚህ አምስት ዓመት መማር አያስፈልግም» የሚል ሰው እንደሚኖር ዐውቃለሁ፤ ይህ አሳብ በመሐንዲሶቹም ራሳቸው ዘንድ ሥር ሰድዷል። ወደዚያ ጉድጓድ ከከተማ እየመጣ ሞተር የቀየረው ቴክኒሻን ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ የተቃጠለውን አውጥቶ ደኅናውን አስገብቷል። የጎደለው፣ ስለ ምን ሁልጊዜ በበጋ መጨረሻ ይቃጠላል ብሎ የሚጠይቅና መልሱን በልክ የሚፈልግ ሰው ነበር። የመሐንዲስ መዓርግ ከቴክኒሻኑ የሚለየው በዚህ ጥያቄ ነው እንጂ በቢሮ ወንበር አይደለም። ሁለቱ ተለያይተው ሲኖሩም የአንዱ እጅ ያለ ዓይን፣ የሌላው ዓይን ያለ እጅ ይቀራል።

እንግዲህ ወጣቶች ልጆቼ ሥራው የት አለ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ጆሯችሁን ወደሚጮኸው ሳይሆን ዓይናችሁን ወደ ቆመው አቅኑ እላችኋለሁ። በከተማው ውስጥ አሳንሰራቸው የቆመ ፎቆች፣ ውሃ ወደ ላይ የማይወጣላቸው ኮንዶሚኒየሞች፣ ጄኔሬተራቸው በክረምት የማይነሣ ክሊኒኮች አሉ። በየሆስፒታሉ መጋዘን ውስጥ አንድ ትንሽ ክፍል ብቻ ጎድሎባቸው አቧራ የጠጡ የሕክምና መሣሪያዎች አሉ፤ የባዮሜዲካል ምሕንድስና የተማረ ልጅ ከቴክኒሻን ጋር ሆኖ ቢያነሣቸው የሰው ሕይወት የሚያድኑ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በዝተዋል፤ ባትሪያቸውን መርምሮ የሚያውቅ ግን ገና ጥቂት ነው። ሁለት የኤሌክትሪክና አንድ የሜካኒካል ምሩቅ ከአንድ ልምድ ካለው ቴክኒሻን ጋር ማኅበር ገብተው፣ ከአሥር የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች ጋር የዓመት የጥገና ውል ቢዋዋሉ፣ «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» የሚለውን ማስታወቂያ ሳይጠብቁ ልምዱን ራሳቸው ይሠሩታል። በመጀመሪያው ዓመት ገቢው ትንሽ መሆኑን አልደብቅም፤ ወላጆችም በዚያ ዓመት «ለዚህ ነው ወይ ያስተማርንህ?» ብለው ልባቸውን እንዳይሰብሩባቸው እለምናለሁ።

ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ በወጣቱ ትከሻ ላይ ጭነን መሄድ ግፍ ነው። የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ላይ ገንዘብ እየሰበሰበ ለመንገድ ጥገና እንዲያውል በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ መቋቋሙ፣ ጥገና የራሱ ቋሚ ገንዘብ ሊኖረው እንደሚችል ያሳየ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለውሃው፣ ለሕንፃው፣ ለሆስፒታሉ መሣሪያም እንዲህ ያለ የማይነካ ገንዘብ ሊቆረጥለት ይገባል። ዩኒቨርሲቲዎቹም የመጨረሻውን ዓመት የምርምር ጽሑፍ፣ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አዲስ ሕንፃ ከማስነደፍ ይልቅ፣ በአካባቢያቸው ያለ አንድ የተበላሸ ነገር ለምን እንደ ተበላሸ በማስመርመር ቢያሠሩት፣ ተማሪው ከመመረቁ በፊት ከወረዳው ጋር ይተዋወቃል፤ ወረዳውም ከተማሪው ጋር።

በመጨረሻ የማቀርበው አሳብ በውል ሊጻፍ የሚችል ነው። በግንባታ ሥራ ሥርዓታችን ሕንፃው ወይም መንገዱ ሲያልቅ በመጀመሪያ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት የሚሆን የጉድለት ዋስትና ጊዜ ይቆያል፤ ከዚያም የመጨረሻው ርክክብ ይፈጸማል። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ሥራ ተቋራጩ መሣሪያውን ጭኖ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ገና አልለመደውም፤ ሕንፃውም የመጀመሪያ ክረምቱን ብቻውን ያሳልፋል። በየመንግሥት ግንባታ ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ ተጨምሮ፣ በዚያ ዓመት ሁለት አዲስ ምሩቃን፣ አንዱ በሥራ ተቋራጩ፣ ሁለተኛው በባለቤቱ ደመወዝ ተቀጥረው፣ በተቆጣጣሪው አማካሪ መሐንዲስ ሥር እንዲቀመጡ ይደረግ። እያንዳንዱን ስንጥቅ ይለኩ፤ እያንዳንዱን ቧንቧ ተከትለው በሥራው ፍጻሜ የተሠራውን የሚያሳየውን ንድፍ ከእውነቱ ጋር ያስተያዩ፤ የፓምፑን፣ የጄኔሬተሩንና የትራንስፎርመሩን መዝገብ ይክፈቱ። የመጨረሻው ርክክብ በሚፈረምበት ቀን መዝገቡ ከቁልፉ ጋር አብሮ ይረከብ፤ ከሁለቱም አንዱ በቋሚነት ተቀጥሮ የዚያ ሕንፃ ጠባቂ መሐንዲስ ሆኖ ይቅር፤ ሁለተኛው ደግሞ የአንድ ዓመት የተመሰከረ ልምድ ይዞ ወደሚቀጥለው ሥራ ይሂድ።